አባዬ ከእንቅልፍ ጠርሙሱ የተፈታበት ቅዳሜ

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ተራ ስጠብቅ፣ ከፊቴ የነበረችው ሴት ለልጇ የገዛችው የሳል ሽሮፕ ከእጇ አመለጠና ሲሚንቶው ላይ ተሰበረ። ሰው ሁሉ እግሩን ሰበሰበ። እኔ ግን በቆምኩበት ደርቄ ቀረሁ። የብርቱካን ልጣጭ ሸተተኝ፤ የሚበላው ብርቱካን ሳይሆን ያ መራራው፣ ከስኳር ጋር የተቀቀለው። ሽታው የአባቴን ትንፋሽ ይዞብኝ መጣ። ተራዬ ደርሶ የመድኃኒት ከረጢቴን ባንኮኒው ላይ ስዘረግፍ እንኳ ልቤ እዚያው ነበር። አንዷን ክኒን አንስቼ ሻጯን ልጅ «ይቺ ለምንድን ናት?» አልኳት። «ለጨጓራ ናት እማማ።» «ጨጓራዬን ካመመኝ እኮ ዘመን የለውም።» «ታዲያ ያዘዘልዎት ሐኪም ያስቁምዎት እንጂ እኔማ ምን አግብቶኝ!» አለችኝ። ያዘዘልኝ ሐኪም ጡረታ ወጥቶ አገሩ ከገባ ቆይቷል ብላት ትከሻዋን ነቀነቀችና ሳቀች፤ ክፉ ልጅ አይደለችም። እኔም ከረጢቴን ሰብስቤ ወጣሁ። ከዚያ ከቴዎድሮስ አደባባይ ታክሲ መያዝ ሲገባኝ እግሬ ወደ ላይ፣ ወደ ጊዮርጊስ ወሰደኝ።

እኔ በወጣትነቴ ፒያሳ የሚባል ስም አልነበረም። ስሙን ያመጣው ጠላት ነው፤ ለእኛ አራዳ ነበር። ገበያው ከጊዮርጊስ ሥር ይተኛል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእንጦጦ የሚወርደው እንጨት ተሸካሚ፣ በቅሎ ላይ ያለው መኳንንት፣ ጃንጥላ የሚያስይዘው፣ ራሱ የሚይዘው፣ ሁሉም አንድ ላይ ይተራመሳል። በአንድ ቤሳ ከግሪኩ ዳቦ ጋጋሪ ትኩስ ዳቦ ይገኛል። ሕንዶቹ የሱቃቸው ደፍ ላይ አቡጀዲ ሲዘረጉ በክንዳቸው ነው የሚለኩት፤ የእናንተ ክንድ አጭር ነው እያልን እንጨቃጨቃለን። ጎረምሳው ተፈሪ ሱሪ ለብሶ በጉልበቱ አካባቢ የተነፋውን ጨርቅ እያየ ይሄዳል። ከአንዱ ጠጅ ቤት ማሲንቆ፣ ከሌላው ደግሞ ያ አዲሱ የሸክላ ማጫወቻ ይሰማል፤ ሸክላው ሲሰነጠቅ ዘፋኙ አንዷን ቃል ደጋግሞ ሲያነሳ ሰው ግጥሙ ነው ብሎ አብሮ ይደጋግም ነበር። አሁን እዚያው ቦታ ላይ ቆሜ ባየው ሁሉም መስታወትና ወርቅ ቤት ሆኗል። ዘመኑን አላማም፣ ወርቁም ያምራል።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሱቁ ከገበያው ዝቅ ብሎ፣ ቤታችን ደግሞ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር። የሠርግ ካባ ሲሰፋ ጠርዙ ላይ የሚያስኬደው ክር ከሩቅ የተሣለ ይመስላል። እኔ ያኔ ከባሌ ተጣልቼ የተመለስኩ ፈት ነበርኩ። ባሌ «ሙግት ከምትወድ ሴት ጋር አልኖርም» ነበር ያለው፤ ሽማግሌዎቹም ሲመረምሩ እውነቱን ሆኖ አገኙት። ፊደል የቆጠርኩት ከቄስ ደጅ ነው፤ ዳዊት ሳልጨርስ ተዳርኩ። ዳዊቱ ቢያመልጠኝም ክፉና ደጉን ለመለየት የሚበቃኝን ያህል ይዤ ወጥቻለሁ።

እናቴ በንዳድ ሞተች። አባዬ ከቀብሯ በኋላ እንቅልፍ አጣ። የሚወደውን ሰው ቀብሮ የማይተኛ ብዙ ነው፤ የእሱ ግን የተለየ ነበር። ቀን በመርፌ ላይ ይወድቃል፣ ሲመሽ ይነሳል፣ ግቢውን ይዞራል፣ አይበላም። ጎረቤት ሰግቶ ወደ ፈረንጁ ሐኪም ወሰዱት። ሐኪሙ በአስተርጓሚ አነጋገረው፣ በመራራ ብርቱካን ልጣጭ የተቀመመ የእንቅልፍ ሽሮፕ አዘዘለት፣ «ማታ አንድ ማንኪያ፣ ጠዋት አንድ ማንኪያ፤ እኔ አቁም እስክልህ ድረስ እንዳታቋርጥ» አለው። ለፍርድ ያህል ልናገር፤ ያ ሽሮፕ ያኔ አባቴን አድኖታል። በሁለተኛው ሌሊት ተኛ። ሲያንኮራፋ ሰምቼ ደስ አለኝ።

ከዚያ ሐኪሙ ጊዜው ደረሰና በባቡር ጅቡቲ ወረደ፣ በመርከብ ወደ አገሩ ገባ። አቁም ሳይለው ሄደ።

መድኃኒቱን የሚቀምመውና የሚሸጠው ሙሴ ያኒ የሚባል ግሪክ ነበር፣ ያኔ ፈረንጅን ሁሉ «ሙሴ» ነበር የምንለው፣ እንደ «አቶ»፤ አራዳ ላይ ከሁሉ የቆየ፣ አማርኛው ከእኛ የሚፈጥን፣ በቀልድ የማይሸነፍ ሰው። ጠርሙሱ ሲያልቅ እወስድለታለሁ፣ ከትልቁ ማሰሮ ቀድቶ ይሞላልኛል። እንዲህ እያልን የእናቴ ተዝካር አለፈ፣ ዓመቷም አለፈ። በተዝካሯ ዕለት አባዬ እንግዳ መስሎ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ሰው «እንዴት ያለ ቻይ ነው» አለ። እኔ ግን ምላሱ እየከበደ፣ ሲራመድ ግድግዳ እየያዘ፣ ፊቱ ላይ ቁስል እየወጣ ሲሄድ አየሁ። ሲጠራኝ አንዴ በእናቴ፣ አንዴ በአክስቴ ስም ይጠራኛል። ቀምሶ የማያውቀውን አረቄ ጠጣ ብለው አሙት። ከዚያ አንድ ባላባት ባዘዘው እጀ ጠባብ ላይ ሁለት የግራ እጅ ገጠመ። ባላባቱ ልብሱን ለብሶት፣ አንዱ እጁ ወደ ኋላ ዞሮ፣ ሱቁ ፊት ቆሞ አሳየ፤ ገበያው በሳቅ ሞተ። አንዱ አዝማሪም አልተወንም፦

እንቅልፍ ይሸጣል አሉ አራዳ በጠርሙስ፣
ሰፊው እስኪነቃ ካባው መቼም አይደርስ።

ደንበኛ ሸሸ። አባቴ የሚያውቀው ሥራ መስፋት ብቻ ነበር፤ እጁ ከሄደ እሱም ይሄዳል። «አባዬ፣ ይህን ሽሮፕ ተወው» ስለው ደንግጦ ያየኝ ነበር። «ሐኪም ያሰረውን ማን ይፈታዋል? አቁም እስክልህ ነው ያለኝ።» ነገሩን ከግዝት ጋር አገናኝቶት ነበር። በእኛ ዘንድ ካህን የገዘተውን ያው የገዘተው ካህን ካልፈታው ማንም እንዲሁ ተነስቶ አይፈታውም። የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄጄ ለመንኳቸው። «የእኔ ግዝት ቢሆን ዛሬውኑ እፈታው ነበር፤ የሐኪምን ግዝት ግን በምን መስቀል ልፍታው?» አሉኝ። ብዙዎች አባዬን ሞኝ ብለውታል። እኔ ዛሬም አልልም። ያ ሰው ሞትን ከደጁ የመለሰለትን ትእዛዝ ነው ያከበረው።

አዲስ ሐኪም መጥቶ ነበር። አማርኛ የተማረው ከመጽሐፍ ስለነበር ለማንም «እርስዎ» ይላል፤ በቅሎውን እንኳ «እባክዎ ይሂዱ» ሲላት ሰምቻለሁ። ሄጄ ነገርኩት። ጥሩ አድርጎ አዳመጠኝና «ይህን መድኃኒት ያዘዝኩት እኔ አይደለሁም» አለ። «ቢሆንም አሁን ያሉት ሐኪም እርስዎ ነዎት» አልኩት። «የባልደረባን ትእዛዝ መሰረዝ ነውር ነው፤ ምናልባት እኔ የማላውቀውን ነገር አይቶ ይሆናል። እርስዎ ሻጩን ይጠይቁ፤ በየጊዜው የሚያያቸው እሱ ነው።»

ወደ ሙሴ ያኒ ሮጥኩ።

«እኔ ልክ እንደ አባትሽ ነኝ፣ አስካለ» አለኝ ጠርሙሴን እያጠበ። «ደንበኛ እጀ ጠባብ ስፋልኝ ካለው ይሰፋል። አይበርድህም፣ ሁለት አለህ፣ ሂድ ይለዋል እንዴ?»

«ሁለት ግራ እጅ አድርግልኝ ካለው ግን ይለዋል።»

«እሱንማ አድርጓል!» ብሎ ሊስቅ ሲል ፊቴን አየና ተወው። «ሐኪሙን ጠይቂ። እሱ አቁም ካለ አቆማለሁ።»

እንዲህ ስመላለስ ሰነበትኩ። አንዱ ወደ ሌላው ይልከኛል፤ ሁለቱም ሲልኩኝ በትሕትና ነው። ክፉ ሰው ቢሆኑ እሰድባቸው ነበር። ጥሩ ሰዎች መሆናቸው ነው የገደለኝ።

አንድ ቅዳሜ ጠርሙሱን ይዤ መድኃኒት ቤቱ በር ስደርስ አዲሱ ሐኪም ከውስጥ ቆሞ ከሙሴ ያኒ ጋር በፈረንሳይኛ ያወጋል። ሁለቱን አንድ ቦታ አግኝቼ አላውቅም። ምን እንደገፋኝ አላውቅም፤ ደፉ ላይ ቆሜ «በሕግ አምላክ!» አልኩ በጩኸት።

የዛሬ ልጆች ይህን ቃል በቀልድ ነው የሚያውቁት። ያኔ ግን በሕግ አምላክ ከተባለ የተጠራው ሰው ካለበት አይንቀሳቀስም፤ ከተንቀሳቀሰ ጥፋተኛ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ይቋጠራሉ፣ መንገድ ላይ ያገኙትን ጨዋ ሰው ዳኛ ሁነን ይሉታል፤ እሱም እምቢ አይልም። እኔም ነጠላዬን ስቤ አንዱን ጫፍ ከሐኪሙ ኮት ቁልፍ፣ ሌላውን ጫፍ ከሙሴ ያኒ ሽርጥ ጋር ቋጠርኩት። ሐኪሙ «ይህ ምንድን ነው?» ሲል ሙሴ ያኒ በአማርኛ «ታስረናል» አለው። ገበያው ግልብጥ ብሎ መጣ።

«ሴት ደግሞ ምን ሙግት ታውቃለች?» አለ አንዱ።

«አንተን የወለደችህ ሴት አፍህን መዝጋት ሳታስተምርህ ሞተች?» አልኩት። ሰው ሳቀ፣ እሱም ወደ ኋላ ተሸሸገ።

በዚያው ሰዓት ሐጂ ይማም ሲያልፉ አየኋቸው። የወሎ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው በቅሎ ጭነው አገር ለአገር የዞሩ፣ ኋላ አራዳ ላይ የጨርቅ ሱቅ ከፍተው የተቀመጡ። አባዬ ለልጆቻቸው ሠርግ የሰፋላቸው ነበር። «ሐጂ፣ ዳኛ ይሁኑን!» አልኳቸው። መቁጠሪያቸውን ወደ ኪሳቸው ከተቱና የመድኃኒት ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጡ።

«ከሳሽ ማናት?»

«እኔ።»

«ተከሳሽስ?»

«ሁለቱም።»

«ምን አደረጉሽ?»

«ምንም። ምንም ስላላደረጉ ነው የከሰስኳቸው።»

ሐጂ ጢማቸውን ያዙ። ነገሩን ከሥሩ ነገርኳቸው፤ የእናቴን ሞት፣ የሐኪሙን መሄድ፣ የአባዬን እጅ። ከዚያ ወደ ሙሴ ያኒ ዞሩ። «ያኒ፣ ይህ ሽሮፕ ሰውዬውን እየጎዳው መሆኑን ታውቃለህ?»

ሙሴ ያኒ ሽርጡን አየ። ቀልዱ ሁሉ ከፊቱ ጠፋ። «አውቃለሁ ሐጂ። ጠርሙሱን በሞላሁ ቁጥር አውቃለሁ። ግን እኔ ነጋዴ ነኝ። እኔ አቁም ብዬ ብነግረው ነገ ሐኪሞቹ ያኒ ደግሞ ሐኪም ሆነ ይላሉ፣ በሽተኛ አይልኩልኝም። እኔን የሚያኖረኝ ዝምታዬ ነው።»

«አንተስ ሐኪም?»

ሐኪሙ ላብ በላብ ሆኗል፤ አማርኛው ግን አልከዳውም። «ጌታዬ፣ እርስዎ ይፍረዱ። መድኃኒቱን ሳልነካ ሰውየው ቢወድቁ፣ በሽታ ገደላቸው ይባላል። እኔ አስቁሜ ቢወድቁ ግን እኔ ገደልኳቸው። ይህ መድኃኒት በአንዴ ቢቋረጥ ሊጥላቸውም ይችላል። እንግዳ ሰው ነኝ። ማን ያምነኛል?»

ይህን ሲል ተናድጄ የነበረው ልቤ ረገብ አለ። እውነቱን ነው። ማስጀመር የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ ሲያስቆሙ ግን የሚያመሰግን የለም። ባለፈው ሳምንት በመድኃኒት ቤቱ ትከሻዋን የነቀነቀችው ልጅም ብትጠየቅ ይህንኑ ትል ይሆናል። ያኔ ግን ይህን ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም፤ ሐጂን ነበር የማየው።

ሐጂ ይማም «ወላሂ እኔ መድኃኒት አላውቅም» አሉ። «የማውቀው ጭነት ነው። ነጋዴ ጠዋት በቅሎ ይጭናል። መንገድ ላይ ይታመማል፣ ወይ ወደ ኋላ ይቀራል። በቅሎዪቱ ግን ማታ ሰፈር ትደርሳለች። ያን ጊዜ ‘የጫናት ሰው ይምጣና ያራግፍ’ ብሎ ጭኖ የሚያሳድራት አለ? የለም። ሰፈር ላይ ያገኛት ያራግፋል። ሲያራግፍ ደግሞ በአንድ ጎን ቆርጦ አይጥለውም፤ እንዳትወድቅ በሁለት ወገን ሆኖ፣ ቀስ ብሎ ነው። ሐኪም በአንድ ወገን ያዝ፤ ያኒ በሌላው። ይህ ነው ፍርዴ። ነገር ግን ባለጭነቱ ሰው ነው እንጂ በቅሎ አይደለም። ተነሱና ራሱን ጠይቁት።»

ቋጠሮው ሳይፈታ፣ ገበያው ተከትሎን ቁልቁል ወደ አባዬ ሱቅ ወረድን። አባዬ መርፌና ክር ይዞ ተቀምጧል፤ ክሩን ማስገባት ካቃተው ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ እንጃ። ሐጂ ነገሩት። አባዬ ቀና ብሎ ሁላችንንም አየና በከበደ ምላሱ «ያሰረኝ ይፍታኝ» አለ። ሌላ ቃል አልወጣውም።

ሐጂ ወደ ሐኪሙ ዞሩ። ያን ጊዜ ሐኪሙ ነጠላዬን እንደተቋጠረ ይዞ ወደ ፊት ሄደ፣ አባዬ ፊት ቁጢጥ አለና እጁን ያዘው። «አባቴ» አለው፤ ይህንን ቃል ከየትኛው መጽሐፍ እንዳገኘው አላውቅም። «ያ ሐኪም ወንድሜ ነው። እዚህ ቢኖር ኖሮ ዛሬ ይፈታዎት ነበር። እሱ ስለሌለ በእሱ ፈንታ እኔ ፈታሁዎት።»

አባዬ ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የሐኪሙን እጅ ሳመ። ሐኪሙ ደነገጠና እሱም የአባዬን እጅ ሳመ። ሰው እልል አለ። ነጠላዬን ሲፈቱት ጫፉ ተቀዶ ነበር።

ከዚያ ማራገፍ ተጀመረ። ሙሴ ያኒ ጠርሙሱን እየሞላ ሽሮፑን በየጊዜው ያቀጥነዋል፤ ሐኪሙ እያደረ እየመጣ ዓይኑንና እጁን ያያል፣ ምግቡ ላይ ጨው ጨምሪለት፣ ውኃ አጠጪው፣ መድኃኒቱን ከሰውነቱ ያጥበዋል ይለኛል። ቀላል አልነበረም። አባዬ ተቆጣ፣ ተንቀጠቀጠ፣ «እኔን ልትገድሉኝ ነው» ብሎ ሰደበኝ። ጎረቤቶቼ «ያንቺ ሙግት ሰውዬውን ሊቀብረው ነው» ሲሉኝ ሰማሁ። እኔም ፈርቼ ነበር። ይሁንና ምላሱ ላላ፣ ቁስሉ ደረቀ፣ አንድ ቀን በስሜ ጠራኝ። ክሩን በመርፌው ዓይን በመጀመሪያው ሙከራ ያስገባ ዕለት እንደ ማንኛውም ቀን መስፋቱን ቀጠለ።

በዚያው ሳምንት እየሰፋ ሳለ ድንገት እጁን አቆመ።

«አስካለ፣ እናትሽ መቼ ነው የተቀበረችው?»

«ዓመቷ አልፏል፣ አባዬ።»

«እኔ ነበርኩ?»

«ነበርክ።»

«አልቅሻለሁ?»

መዋሸት እችል ነበር። «አላለቀስክም» አልኩት።

መርፌውን አስቀመጠ። ጋቢውን ወገቡ ላይ አሸረጠ። ከዚያ እንደ ትናንት ሟች ስሟን እየጠራ ሲያለቅስ ዶሮ ማነቂያ ሁሉ ሰማው። ጎረቤቱ ማን ሞተ ብሎ ሮጦ መጣ። አንዷ ሴት «ተዝካሯ ለወጣላት ሴት ደግሞ ምን ለቅሶ ነው?» አለች። «የእሱ ዕንባ ስላልወጣ ነው፤ የእሱን ድርሻ ማንም አላለቀሰለትም፣ ቁጭ በይ» አልኳት። ተቀመጠች። ሰሌን ተነጠፈ፣ ንፍሮ መጣ፣ ሐጂ ይማምም መጥተው ደጁ ላይ ተቀመጡ። ነገሩን በጠየቀ ሁሉ ላይ አልፈርድም፤ እንዲህ ያለ ለቅሶ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሴ ያኒ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ብቅ አለ። አባዬ ዓይኑ አብጦ፣ እንቅልፍ ካየ ሁለት ሌሊት ሆኖታል። ሲያየው ብድግ ሊል ቃጣ።

«ሙሴ ያኒ፣ ሌሊቱ ረዘመብኝ። ከዚያች ከመራራዪቱ አንድ ማንኪያ ብቻ። ለዛሬ ብቻ።»

እኔ በዚያው ጠዋት በመድኃኒት ቤቱ በኩል አልፌያለሁ፤ ትልቁ ማሰሮ እስከ አፉ ሞልቶ መደርደሪያው ላይ እንዳለ በዓይኔ አይቻለሁ። ሙሴ ያኒ በዕድሜው ለደንበኛ የለም ብሎ አያውቅም ይባላል። ባርኔጣውን አዟዟረው።

«የለኝም» አለ።

«አልቆ ነው?»

«አልቋል። ከባሕር ማዶም አይመጣም አሉ።»

አባዬ አተኩሮ አየው። ከዚያ በዕንባው መሀል፣ ከእናቴ ሞት ወዲህ ሰምቼው የማላውቀው ሳቅ አመለጠው።

«አንተ ውሸታም ግሪክ!» አለውና ከሰሌኑ ላይ ቦታ ለቀቀለት። ሙሴ ያኒ ጫማውን አወለቀ፣ ከጎኑ ተቀመጠ፣ አብሮት አለቀሰ።